የደም ሥር የሚያሰፉ መድኃኒቶች፦ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚወሰዱ

የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ያለበት ሰው ከሚወስዳቸው ኪኒኖች ቢያንስ አንዱ የደም ሥርን የሚያሰፋ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። አምሎዲፒን፣ ኒፈዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ሃይድራላዚን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ ሌላው ቀርቶ ፕሮስቴት ላስቸገራቸው አባቶች የሚታዘዘው ዶክሳዞሲን ጭምር ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁሉም በአንድ የወል ስም ይጠሩ እንጂ የሚከፍቱት ሥርም ሆነ የሚከፍቱበት መንገድ አንድ አይደለም። ታካሚው ወይም አስታማሚው በእጁ ያለው መድኃኒት የትኛውን ሥር እንደሚያሰፋ ካወቀ፣ ለምን በዚህ ሰዓት ውሰድ እንደተባለ፣ ራሱን ለምን እንደሚወቅረው ወይም እግሩ ለምን እንዳበጠ ለመረዳት አይቸገርም። መጠን መወሰንና መድኃኒት መቀየር የሐኪም ሥራ በመሆኑ፣ እዚህ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ሥሩ ለምን ይጠባል፣ በምንስ ይሰፋል?

ከልብ ተነሥተው ደም የሚያከፋፍሉት ደም ቅዳዎች፣ በተለይም ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ፣ በግድግዳቸው ውስጥ ለስላሳ ጡንቻ አላቸው። ጡንቻው ሲኮማተር የሥሩ ቀዳዳ ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ለውጡ ለዓይን ኢምንት ቢሆንም ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ ሥሩ በ10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ ደም ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በትንሽ ሚሊ ግራም የሚለካ ኪኒን የደም ግፊትን በዚህን ያህል ማውረድ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መልሶች ደግሞ ግድግዳቸው ስስ፣ ውስጣቸው ሰፊ ሲሆን፣ በማንኛውም ቅጽበት ከሰውነታችን ደም ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የሚገኘው በእነሱ ውስጥ ነው። ደም መልስ ሲሰፋ ደሙ እዚያው ይቆይና ወደ ልብ የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ልብ ብዙ ደም ተቀብላ ከመወጠር ትድናለች። ደም ቅዳ ሲሰፋ ግን የሚቀለው ልብ ደሙን ለማስወጣት የምትታገለው ተቃውሞ ነው። ቀሪው የዚህ ጽሑፍ ክፍል በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት በአብዛኛው የሚያሰፉት ደም መልሶችን ሲሆን፣ ከፍ ባለ መጠን ደም ቅዳዎችንም ይከፍታሉ። ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። ይህን ጋዝ የጤነኛ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ራሱም ያመነጨዋል፤ ወደ ጡንቻው ሰርጎ ሲገባ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባለው መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይበዛል፣ ጡንቻውም ይላላል። መድኃኒቱ አሠራሩ ከመታወቁ እጅግ ቀድሞ በሥራ ላይ መዋሉ ይገርማል። ናይትሮግሊሰሪንን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 የሠራው ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ ነበር፤ አልፍሬድ ኖቤል ዲናሚት አደረገው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መረል ደግሞ በ1879 ለደረት ሕመም እንደሚበጅ ጽፎ አሳወቀ። የጋዙን ሚና የገለጡት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ ሽልማታቸውን የተቀበሉት በ1998 ሲሆን፣ ሽልማቱም በዚያው በዲናሚት ሰውዬ ስም የሚጠራው የኖቤል ሽልማት ነው። ኖቤል ራሱም በዕድሜው ማብቂያ ላይ ለልቡ ሕመም ይኸው ናይትሮግሊሰሪን ታዝዞለት ነበር።

አምሎዲፒንና ኒፈዲፒን በሌላ በር ይገባሉ። የሥሩ ጡንቻ ለመኮማተር ካልሲየም ወደ ውስጡ መግባት አለበት፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያንን መግቢያ ይዘጋሉ፣ የሚያሰፉትም ደም ቅዳዎችን ነው። ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ሥርን አጥብቆ የሚያኮማትረው አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይመረት ይከለክላሉ፤ ሎሳርታን ግን ንጥረ ነገሩ ተመርቶም የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። እነዚህ ሁለቱንም ዓይነት ሥር ስለሚያላሉና በልብና በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ስለሚቀንሱ ለልብ ድካምና ለስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት ተመራጭ ናቸው። ካፕቶፕሪል የተገኘው በብራዚል የሚኖር አንድ እፉኝት የነደፈው ሰው ግፊቱ ለምን እንደሚወርድ ከመመርመር በተነሣ ጥናት ነው። ዶክሳዞሲን ነርቮች ለሥሩ የሚያስተላልፉትን «ጠበብ በል» የሚል ትእዛዝ ያግዳል። ሃይድራላዚን ደም ቅዳዎችን በቀጥታ ያላላል፤ ነገር ግን ግፊቱ ሲወርድ ልብ ደንግጣ ስለምትመታ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይሰጥም።

ምላስ ሥር የሚቀመጠው ኪኒን

አወሳሰዱ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ናይትሮግሊሰሪን ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። የልብ ጡንቻ የሚፈልገውን ያህል ደም ሳያገኝ ሲቀር ደረት መሐል ላይ የሚጨመድድ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ይሰማል። ዳገት ሲወጡ፣ ሲናደዱ ወይም ከባድ ምግብ ከተበላ በኋላ ይመጣል፣ ሲያርፉ ይተዋል። ኪኒኑ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ሲጀምር የሚያደርጉትን ሥራ ያቁሙና ይቀመጡ። ቆመው አይውሰዱት፤ ደም መልሶች በድንገት ሲሰፉ ደሙ ወደ እግር ይወርድና ሊወድቁ ይችላሉ። አንዷን ኪኒን ከምላስ ሥር ያስቀምጡ፤ አያኝኩ፣ አይዋጡ፣ ውሃም አያስከትሉ። የተዋጠ ናይትሮግሊሰሪን በጉበት ሲያልፍ አብዛኛው ስለሚበተን ለሕመሙ አይደርስም፤ በምላስ ሥር ግን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። አፍዎ ደርቆ ከሆነ አስቀድመው በትንሽ ውሃ ያርጥቡት። ከዚያ ሰዓት ይመልከቱ። ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ፊት ይሞቃል፣ ግንባር ላይ የሚወቅር ራስ ምታት ይጀምራል፣ የደረቱም ጭምደዳ መላላት ይጀምራል። ራስ ምታቱ የጭንቅላት ሥሮችም አብረው መስፋታቸውን የሚናገር እንጂ የአዲስ በሽታ ምልክት አይደለም፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

አምስት ደቂቃ አልፎ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ የልብ ጡንቻ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል እርዳታ ለመጥራት ሁለተኛውን ኪኒን ጨርሶ መጠበቅ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ በ911፣ በእስራኤል በ101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ112 ይገኛል። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ጎረቤት በመኪናው ያድርስዎ፤ ራስዎ መሪ አይያዙ። እርዳታ እስኪደርስ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ እየተጨመረ በጠቅላላው እስከ ሦስት ኪኒን መውሰድ የተለመደው አሠራር ነው፤ ራስዎን የሚያስትዎ ከሆነ ግን አይጨምሩ።

የኪኒኑ አቀማመጥም የሕክምናው አካል ነው። ናይትሮግሊሰሪን ተንኖ የሚያልቅ ነገር በመሆኑ ከመጣበት ጠቆር ያለ ጠርሙስ ወጥቶ በላስቲክ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም። በሸሚዝ ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ መያዝም ያበላሸዋል። ከጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ቢጽፉበት፣ መቼ በአዲስ መተካት እንዳለበት ፋርማሲው ሲነግርዎ ይጠቅምዎታል።

ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት በወል ናይትሬት ይባላሉ፤ የናይትሬት ሌላው ጠባይ ሰውነት ቶሎ መልመዱ ነው። አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት ሃያ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ ደም ውስጥ ከቆየ ሥሮቹ ይለምዱትና መስፋት ያቆማሉ፤ ስለዚህ ሐኪሞች በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 14 ሰዓት የሚሆን ከመድኃኒቱ ነፃ የሆነ ጊዜ እንዲኖር አድርገው ያዛሉ። ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተወስዶ ሌሊቱ ባዶ ይተዋል። ውጭ አገር የተጻፈ ትእዛዝ ለእናቱ በስልክ የሚያነብ ልጅ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ በወረቀቱ ላይ ጠዋት 8 የሚለው በእኛ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 2 የሚለውም በእኛ 8 ሰዓት ስለሆነ ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሳይተረጎሙ ከተነገሩ እናት የመጀመሪያውን ኪኒን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ባዶው ጊዜም የልብ ሕመም ወደሚበዛበት ማለዳ ይዞራል።

በየቀኑ የሚወሰዱት

አምሎዲፒን በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ይታዘዛል። ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ስለሆነ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግፊቴ አልወረደም ብሎ መጠኑን በራስ መጨመር ያስቸግራል። የሚያሰፋው ደም ቅዳን ብቻ እንጂ ደም መልስን ባለመሆኑ ወደ እግር የሚወርደው ደም ይበዛል፣ የሚመለስበት መንገድ ግን እንደ በፊቱ ነው። በዚህ መካከል ፈሳሽ ከቀጫጭን ሥሮች ሾልኮ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። አመሻሽ ላይ ካልሲ ሲያወልቁ የላስቲኩ ምልክት ጠልቆ ይታያል፤ በአውራ ጣት ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥንቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ሲለቁት ጉድጓድ ይቀራል።

ይህ እብጠት ብዙ ሰው ኩላሊቴ ተበላሸ ብሎ እንዲደነግጥ፣ አንዳንዱም መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም እንዲዞር ያደርገዋል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ቢጨመርበትም ብዙ አይረዳም፤ ምክንያቱም ችግሩ የውሃ መብዛት ሳይሆን የሁለቱ ሥሮች አለመመጣጠን ነው። የተሻለው መፍትሔ ሐኪሙ መጠኑን መቀነሱ፣ ወይም ደም መልስንም የሚያሰፋ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት መጨመሩ ነው። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ከሕመምና ከሙቀት ጋር ከመጣ፣ ወይም ተኝተው ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ሌላ ምክንያት ስላለው ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል የሚያመጡት ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሳል ከአሥር ሰዎች በአንዱ ገደማ ይታያል። የሳል ሽሮፕ አያቆመውም። መድኃኒቱ በሎሳርታን ሲተካ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከሳሉ ይልቅ የሚያስፈራው የከንፈር፣ የምላስና የፊት ድንገተኛ እብጠት ነው፤ ጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት ስለሚከሰት እኛን ይመለከተናል። የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላልና ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ መድኃኒቱም ዳግመኛ አይወሰድም። ካፕቶፕሪል በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ይሻላል፤ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ግን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ልዩነት የላቸውም። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል ወይም ሎሳርታን ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ የኩላሊትና የፖታስየም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በጨው ፋንታ የሚሸጡ ፖታስየም ያለባቸው የጨው ዓይነቶችም ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰዱም።

ለልብ ድካም ሃይድራላዚንና አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት በአንድ ላይ ሲሰጡ አንዱ ደም ቅዳውን፣ ሌላው ደም መልሱን ስለሚከፍቱ ልብን ከሁለት በኩል ያግዟታል። በአሜሪካ ሁለቱን በአንድ ኪኒን የያዘው መድኃኒት በ2005 የተፈቀደው ራሳቸውን ጥቁር ብለው ለገለጹ ሕመምተኞች ሲሆን፣ መሠረቱም 1,050 ሰዎች የተሳተፉበትና ሞትን በ43 በመቶ የቀነሰው ጥናት ነው። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል። የቆዳ ቀለም ለመድኃኒት ምርጫ ሻካራ መለኪያ መሆኑ አከራካሪ ቢሆንም፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ ስለሆነ ከዘር ጋር የተያያዘ ስም ተሰጥቶታል ብሎ አለመቀበል ራስን መጉዳት ነው።

መቆም፣ መስገድ፣ መጾም፣ መሞቅ

ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ ዶክሳዞሲንና ናይትሬት፣ ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት በድንገት ሲነሡ ዓይን እንዲጨልም ሊያደርግ ይችላል። ጤነኛ ሰው ሲቆም ሥሮቹ ወዲያው ተኮማትረው ደሙን ወደ ላይ ይገፉታል፤ መድኃኒቱ ይህን ምላሽ ያዘገየዋል። የመጀመሪያው የዶክሳዞሲን ኪኒን ማታ አልጋ ላይ ሆነው እንዲወስዱት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሌሊት ለሽንት የሚነሡ ሰው እግራቸውን ከአልጋ አውርደው ለአንድ ደቂቃ ይቀመጡ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይነሡ።

ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ችግሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፤ ከቆሙ ከአንድ ደቂቃና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪምዎ የሚነገር ነገር ነው።

በቅዳሴ ረጅም ሰዓት የሚቆሙና በሰሙነ ሕማማት ደጋግመው የሚሰግዱ ምእመናን፣ እንዲሁም ከሱጁድ ቀና የሚሉ ሙስሊሞች ይህን ስሜት በደንብ ያውቁታል። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ ከተጾመ የሰውነት ውሃ ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ከወትሮው በላይ ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። መፍትሔው በጾም ወቅት ኪኒኑን መዝለል አይደለም፤ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ ወይም በረመዳን ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምን መጠየቅ ነው። በመቋሚያ መደገፍ፣ ሲያዞር መቀመጥ ነውር የለውም።

ሙቀትም በራሱ ሥር ያሰፋል። አዲስ አበባ ፍልውሃ ገብቶ መታጠብ፣ ሳውናና ስቲም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በቀትር ፀሐይ መሥራት ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ሰውን ሊጥል ይችላል። ናይትሮግሊሰሪን ከወሰዱ በኋላ ወደ ሙቅ ውሃ አይግቡ። አረቄና ጠጅም እንዲሁ ሥር ያሰፋሉ።

አብሮ የማይሄድና ጥንቃቄ የሚሻ

ከሁሉ የከፋው ጥምረት የናይትሬትና የሲልደናፊል ነው። ሲልደናፊል መጀመሪያ የተሞከረው ለደረት ሕመም ሲሆን ዛሬ የሚታወቀው በወንዶች ስንፈተ ወሲብ መድኃኒትነቱ ነው፤ የሳንባ የደም ግፊትንም ያክማል። ናይትሬት የሚያበዛውን ሳይክሊክ ጂኤምፒ እንዳይፈርስ ስለሚከለክል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ መቆሚያ አጥቶ ይወርዳል። ሲልደናፊል በተወሰደ በ24 ሰዓት፣ የዚሁ ወገን የሆነው ታዳላፊል በተወሰደ በ48 ሰዓት ውስጥ ናይትሮግሊሰሪን መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል። ሰዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ በድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ሲጠይቅ ግን መልሱን መደበቅ ሊገድል ይችላል።

ጫት በተቃራኒው ሥርን ያጠባል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ጠዋት አምሎዲፒን ወስዶ ከሰዓት በኋላ መቃም መድኃኒቱን ከራሱ ጋር ማታገል ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ትእዛዝ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የግፊት መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማሉ፣ ከኢናላፕሪል ጋር ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

እርጉዝ ሴት ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልም ሆነ ሎሳርታን መውሰድ የለባትም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። ለማርገዝ ያሰበችም አስቀድማ ትናገር። በእርግዝና ለሚመጣ ከባድ ግፊት በማዋለጃ ክፍሎች የሚሰጡት ሃይድራላዚን በመርፌና ኒፈዲፒን በአፍ ሲሆኑ፣ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ እየለካ የሚሰጣቸው ናቸው። ከዚህ ውጭ ግፊት ሲጨምር የኒፈዲፒን ካፕሱልን በስቶ ምላስ ሥር ማንጠብጠብ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ግፊትን በድንገት አውርዶ የአንጎልና የልብን ደም ስለሚያሳጣ ተትቷል።

በሕፃንነት ባልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የልብ በራቸው ጠቦ እንዲኖሩ አድርጓል። በሩ በጣም የጠበበ ሰው ሥሮቹ ቢሰፉም ልቡ የምታስወጣውን ደም መጨመር ስለማትችል ግፊቱ ወድቆ ሊስት ይችላል። ስለዚህ የልብ በር ችግር ያለበት ሰው የግፊት ኪኒን ከጎረቤት ተበድሮ አይውጥ፤ ሁኔታውንም ለሚያየው ሐኪም ሁሉ ይንገር።

ከውጭ የተላከ መድኃኒት

ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን የሚያገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ነው። የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ እናት የድሮውንም አዲሱንም ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው አንድን አምሎዲፒን በእጥፍ ሊወስዱ ይችላሉ። ላኪው በማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱን ዋና ስም፣ የሚሊ ግራሙን መጠንና የሚወሰድበትን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአማርኛ ይጻፍበት። ቀስ በቀስ እንዲለቀቁ ተደርገው የተሠሩ የኒፈዲፒን ኪኒኖች ካሉ «አይሰበርም፣ አይፈጭም» ብሎ ይጨምር፤ ቢሰበሩ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያለቀው ሳይተካ እንዳይቋረጥም ለሁለት ሳምንት የሚሆን ሲቀር ወደ ፋርማሲ መሄድ ወይም ወደ ልጅ መደወል ያስፈልጋል።